የጓሮ ባለውለታው ሽምፐር

ክረምት ሲገባ የቢቸናና የሞጣ ጓሮ ባዶውን አይከርምም። ከቤት ጀርባ፣ ፍግ በሚደፋበት በኩል ጎመን ይተከላል፤ ዱባው አጥሩን ይዞ ይንሰራፋል፤ ከበቆሎው አጠገብ የድንች መደብ ይታያል። ደጃፍ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ዳማከሴ አይጠፉም። እናቶች ለወጥ ማጣፈጫ፣ ለቅቤ ማንጠሪያና ምች ለመታው ሰው የሚሹትን ከዚያው ይቀጥፋሉ። የማሳው ጤፍ ገና ለምለም ሳለ፣ የዓምናው እህል ደግሞ በጎተራ ሲሟጠጥ ቤቱን እስከ አዲሱ እህል የሚያሻግረው ይኸው ጓሮ ነው።

በዚህ ጓሮ ውስጥ እንግዳና ባለአገር ተቀላቅለው ይኖራሉ። በቆሎ፣ በርበሬና ዱባ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ሲሆኑ ኢትዮጵያ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ያመጣቸው ይህ ነው ተብሎ የሚጠራ ሰው ግን የላቸውም። ድንች የተለየ ዕድል ገጥሞታል። የኢትዮጵያን ግብርና ታሪክ የጻፉ ሰዎች ድንች ወደ አገሪቱ የገባበትን ዓመትና ያስገባውን ሰው ይጠቅሳሉ፤ ዓመቱ እ.አ.አ. 1858፣ ሰውየውም ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሽምፐር ነው። ይኸው ሰው ከአጥራችን ሥር የሚበቅሉትን ጎመንና ኮሰረት ደግሞ ለዓለም ሳይንስ አስተዋውቋል።

ሽምፐር የተወለደው እ.አ.አ. በ1804 በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ነው። ቤተሰቡ ሀብት ባይኖረውም የተፈጥሮ ሳይንስ ፍቅር ነበረው። ወንድሙ ካርል ሽምፐር በአውሮፓ ስመ ጥር የሆነ ተመራማሪ ነው፤ ምድር በአንድ ወቅት በግግር በረዶ ተሸፍና የነበረችበትን ጊዜ የበረዶ ዘመን ብሎ የሰየመው እሱ ነው። የቪልሄልም አነሳስ ግን ከወንድሙ ይለያል። የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈው በወታደርነት ነበርና ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት የዞረው ዘግይቶ ነው። ምናልባትም ለሚጠብቀው ኑሮ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የውትድርናው ዘመን ሳይጠቅመው አልቀረም።

በዚያን ጊዜ ኤስሊንገን በተባለች የጀርመን ከተማ የዕፅዋት ወዳጆች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ነበር። አሠራሩ ዛሬ አክሲዮን ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ አንድ መንገደኛ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ መንገደኛው የሰበሰባቸው የደረቁ ዕፅዋት ተከፋፍለው ለአባላቱ ይደርሳሉ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ ክርስቲያን ሆክስቴተር የተባለ ቄስና መምህር ነበር። ሽምፐር በመጀመሪያ ወደ አልጄሪያ ተላከ። እ.አ.አ. ከ1834 ጀምሮም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ዐረብ ምድር ተጓዘ። ግብፅ አብሮት የገባው ባልደረባው በዚያው በወረርሽኝ ሞተበት፤ እሱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። በ1837 ከምጽዋ ወጥቶ ዐድዋ ሲደርስ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ኖረ።

ሥራው ለተመልካች ቀላል፣ ለሠሪው አድካሚ ነበር። አንዱ ዕፅ ከነሥሩ ይነቀላል፣ ወይም አበባና ፍሬ የያዘው ቅርንጫፉ ይቆረጣል። በወረቀት መካከል ተጨምቆ ይደርቃል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል። በደጋችን አብዛኛው ዕፅ የሚያብበው ክረምቱ ሊወጣ ሲልና መሬቱ ገና ሳይጠነፍፍ ነው፤ ወረቀት ደግሞ እርጥበት አይችልም። የደረቀው በሣጥን ታሽጎ በአጋሰስ እስከ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም በመርከብ ይጓዛል። በሽምፐር ናሙናዎች ላይ የዐድዋው የሶሎዳ ተራራና የሰሜን ደጋዎች ስም ደጋግሞ ተጽፏል። እነዚህ ወረቀቶች አውሮፓ ሲደርሱ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት እምብዛም የማያውቁት ሊቃውንት እጅ ገቡ፤ ስም የማውጣቱም ሥራ ተጀመረ።

ከጓሯችን አንጻር ሲታይ ይህ የስም ጉዳይ ቀላል አይደለም። አሌክሳንደር ብራውን የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከኢትዮጵያ በሄዱት ዕፅዋት ላይ ተመርኩዞ እ.አ.አ. በ1841 ለአበሻ ጎመን ብራሲካ ካሪናታ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም አወጣ። ቅጠሉን ቀቅለን የምንበላው፣ ፍሬውን ጎመን ዘር ብለን ምጣድ የምናሰስበት ተክል ማለት ነው። ዛሬ ይኸው ተክል ከጓሮ ወጥቶ ከአየር መንገድ ደጃፍ ደርሷል። እ.አ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ከዘይቱ በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል፤ በ2018 ደግሞ አንድ የአውስትራሊያ መንገደኛ አውሮፕላን ከአሜሪካ ሲነሣ ከነዳጁ ዐሥር በመቶ ያህሉ ከጎመን ዘር የተገኘ ነበር። ኮሰረት በሳይንሳዊ ስሙ ሊፒያ አዶኤንሲስ ይባላል፤ የዐድዋው ሊፒያ እንደማለት ነው። የዳማከሴና የጠምበለል ስምም ከሆክስቴተር ጋር የተያያዘ ነው። በከፍተኛ ደጋ የሚበቅለውና ለሻይም ለበርበሬ ማጣፈጫም የሚሆነው ጦስኝ ደግሞ ቲመስ ሽምፐሪ ተብሎ በራሱ በሽምፐር ስም ተሰይሟል።

በትግራይና በሰሜን በዚያ ዘመን ገዥው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሽምፐር በእሳቸው ዘንድ ሞገስ አገኘ። የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1840ዎቹ ሲበተን ከአገሩ ይመጣለት የነበረው ገንዘብ ቢቋረጥም እሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም። የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ የአገሩን ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤ እንትጮን ሾሙት። ዕፅ ሰብሳቢው ባለአገር፣ ግብር አስገቢና ዳኛ ሆነ። ናሙና መሰብሰቡን ግን አልተወም፤ የፓሪሱ የዕፅዋት መናፈሻም ድጋፍ ይሰጠው ጀመር።

የግንባታ ሙያም ነበረው። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ጃናሞራ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሥራውን የመራው ሽምፐር ነው። ደጃዝማቹ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሊደፉ አስበው ነበር ይባላል። የሆነው ሌላ ነው። እ.አ.አ. በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሽምፐር ያሠራው ቤት የጌታውን ጠላት ዘውድ ደፍቶ አየ። የእንትጮ ሹመቱም በዚያው ቀረ። ከፓሪስ የሚያገኘው ድጋፍም እንዲሁ ተቋረጠ።

ድንች የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.አ.አ. በ1858 ሽምፐር ግብር የሚያስገባበት አገርም ሆነ ደሞዝ አልነበረውም። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ተክል ለማስለመድ ሹመትና ሰፊ መሬት ያስፈልጋል ብሎ የሚያምን ሰው ቢኖር ይህን ልብ ይበል፤ የድንች ነገር የሚነገረው በሥልጣኑ ዘመን ሳይሆን በተሻረ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዐርባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ባሕር ዛፍ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ድጋፍ ነበረው። ድንች እንዲህ ያለ ደጋፊ አልነበረውም።

ድንች በትውልድ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው። ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ሲያሻግሩት ብዙ ሰው ተጠራጥሮት ነበር፤ ከመሬት በታች የሚያፈራ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ያልተጠቀሰ እያለ የሸሸው ብዙ ነው። በሽምፐር አገር ድንች የድሀውም የሀብታሙም ገበታ ላይ እስኪቀመጥ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሽምፐር ሲወለድ ግን የእለት ምግብ ሆኖ ነበር። የድንችን ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋውንም የዚያ ዘመን አውሮፓውያን ያውቁ ነበር። ሽምፐር በኢትዮጵያ በነበረበት በ1845 በአየርላንድ የድንችን ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ገብቶ ማሳውን አጠፋው፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በረሃብ ወለድ በሽታ አለቀ። የአየርላንድ ድሀ ገበሬ ኑሮውን በአንድ ሰብል፣ ያውም በአመዛኙ በአንድ ዝርያ ላይ ጥሎ ስለነበር መሸሻ አልነበረውም።

በኢትዮጵያ ደጋም ድንች በአንድ ጊዜ አልተወደደም። ኑሮው ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ ገበታው እንጀራ የሆነ ሰው ለአዲስ ሥራ ሥር የሚሰጠው ማሳ አይኖረውም። ለጓሮ ግን ቦታ አያጣም። አዲስ ሰብል በአገራችን የሚለመደው በዚህ መንገድ ይመስላል፤ ጥቂት መደብ ላይ ይሞከራል፣ ባይሆን የሚጎዳ የለም፣ ቢሆን ጎረቤት ዘር ይለምናል። በደጋው ሰው ዘንድ ከመሬት በታች የሚያፈራ ሰብል ጨርሶ ባዕድ አልነበረም። የአገው ድንች የሚባለው፣ ቅጠሉ ወደ በሶብላ ዘመድነት የሚያደላው አገር በቀል ተክል ከአዲሱ በፊት በጓሮ ይኖር ነበር። ዛሬ ሁለቱ በስም ይጋራሉ፤ በዘር ግን አይገናኙም። አዲሱ ድንች ከቲማቲምና ከበርበሬ ጋር ዘመድ ነው። የአገው ድንች በእንግዳው ስም ጥላ ሥር እየተረሳ መሄዱ ግን የሚያሳዝን ነው።

ሽምፐር ከሹመቱ ከወረደ በኋላም ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1860ዎቹ ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ ስለ አፈሩና ስለ እርሻው የጻፋቸው ሰፊ ማስታወሻዎችና የሠራቸው ካርታዎች ዛሬ ለንደን ውስጥ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚያው ዘመን ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው አውሮፓውያንን ሲያግዱ ሽምፐርም ከተያዙት አንዱ ሆነ። ነጻ የወጣው በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ነው። ከታሰሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ከጦሩ ጋር አገራቸው ሲገቡ ስድሳ ሦስት ዓመት የሆነው ሽምፐር ግን ወደ ዐድዋ ተመለሰ። ዐሥር ዓመት ያህል ዕፅዋት መሰብሰቡን ቀጥሎ እ.አ.አ. በጥቅምት 1878 እዚያው ዐድዋ ዐረፈ።

የሰበሰባቸው ናሙናዎች በመላው አውሮፓ ተሠራጭተዋል። በበርሊን የነበሩት ብዙዎቹ እ.አ.አ. በመጋቢት 1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ከቤተ ናሙናው ጋር ተቃጥለዋል። ሽምፐር ከአንድ ዕፅ ብዙ ቅጂ እያዘጋጀ ይልክ ስለነበር ግን በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች መንትዮቻቸው ተርፈዋል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚያጠና ተመራማሪ ዛሬም ድረስ እነዚያን ወረቀቶች ሳያገላብጥ ሥራውን አይጨርስም።

ድንች በሰፊው ሲዛመት ሽምፐር በሕይወት አልነበረም። እሱ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ ክፉ ቀን መጣ። እ.አ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታትለው እህሉን አጠፉት። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳውን እያየ ቆመ። ድንች የሚፈልገው በሬ ሳይሆን ዶማ ነው፤ በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ ከጥቂት መደብም ቤተሰብ የሚያጠግብ ይወጣል። በብዙ የደጋ አካባቢ ድንች ከእንግድነት ወደ ቤተኛነት የተሸጋገረው በዚህ የመከራ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። ጾም በበዛበት አገር ደግሞ ቅቤና ሥጋ ሳይፈልግ በሽሮና በጎመን ጎን የሚቀርብ መሆኑ ረድቶታል።

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ድንች ዛሬ ከጓሮ አልፎ የመስኖና የገበያ ሰብል ሆኗል። እ.አ.አ. በ1975 የተጀመረው ብሔራዊ የድንች ምርምር ከሆለታና ከሌሎች ማዕከላት ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጠን ለአርሶ አደሩ አድርሷል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ዘንገናና ጓሳ የተባሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። የምርምሩ ዋና ትግል አየርላንድን ካራቆተው ከዚያው በሽታ ጋር ነው። በእኛም አገር ክረምት ሲበረታና ጉም ሲሰነብት ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ቁስል ይታያል፤ በቀናት ውስጥ ጠቁሮ መደቡን ያወርደዋል። ብዙ ገበሬ የክረምቱን ድንች ትቶ ወደ በጋ መስኖ የዞረው ይህን በሽታ በመፍራት ነው።

የጓሮ ድንች ግን በክረምትም አይቀርም። ለቢቸና ጓሮ የመጀመሪያው ጉዳይ ውሃ ነው። በእነማይ ሰፊው መሬት ዋልካ በመሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ውሃ ያቆረበት ሥራ ሥር ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጎ በመካከሉ ቦይ መክፈት ያስፈልጋል። በሞጣ በኩልም ተዳፋት የሆነ ጓሮ ያለው ሰው መደቡን ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን ቁልቁለቱን አቋርጦ ቢሠራ ፍጉ በጎርፍ አይወሰድበትም። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር መተው የተለመደው ምክር ነው። ተክሉ ሲያድግ ሁለት ጊዜ አፈር ማስታቀፍ ምርቱን ከፍ ያደርጋል። ፀሐይ አግኝቶ የለመለመ ድንች መርዝነት ስላለው አይበላም፤ አፈር ማስታቀፉ ከዚህም ይጠብቃል።

ባለፈው ዓመት ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ የነበረበትን መደብ ዘንድሮ ለጎመን፣ ለነጭ ሽንኩርት ወይም ለባቄላ መልቀቅ ይበጃል። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከአፈርም ከዘርም ይተላለፋልና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ድንገት የጠወለገ ተክል ከነሥራ ሥሩ ተነቅሎ ከጓሮ ይወገዳል፤ ከእሱ አጠገብ የተገኘውም ለዘር አይያዝም። ጤና አዳሙን፣ ኮሰረቱንና አበባውን በመደቡ ዳር መትከል ለቤቱ ውበትም ለንብም ጥሩ ነው።

ለዘር የሚሆነው የሚመረጠው ገና ሳይቆፈር፣ ቅጠሉ ለምለም ሳለ ነው። ጤነኞቹ ተክሎች ላይ ምልክት ይደረጋል። ከቁፋሮው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ግንዱ ሲታጨድ የድንቹ ልጣጭ ይጠነክራል። የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ለዘር ይለያል፤ ጨለማ ውስጥ ከተከማቸ ቀጭንና ረጅም በቀላሉ የሚሰበር ጉንቁል ያወጣልና ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ብርሃንና ነፋስ ግን በሚያስገባ ቆጥ ላይ ሳስቶ ይዘረጋል። አጭርና ወፍራም አረንጓዴ ጉንቁል ሲያወጣ ለሚቀጥለው ተከላ ደርሷል ማለት ነው።